ግጭ፦ ከደመና በላይ የነበረችው የሙስሊም ገበሬዎች መንደር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የሰሜን ኢትዮጵያ ሙስሊሞች ታሪክ ሲነሳ አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚሉን ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ነጃሺ አለ፣ የወሎ ሐሪማዎች አሉ፣ የጎንደሩ አዲስ ዓለም አለ። ሰው ደግሞ ስናስብ ነጋዴ፣ ሸማኔ ወይም ዓሊም ነው የሚታየን። በ3,600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውርጭ በሚጋገርበት ተራራ፣ ሞፈር ተሸክሞ ገብስ ሲያርስ የኖረ ሙስሊም ግን ብዙዎቻችን ጨርሶ አናስበውም። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚያ ገበሬና ስለ መንደሩ ነው። የመንደሯ ስም ግጭ ይባላል።

ግጭ ዛሬ ሰው የማይኖርባት ቦታ ናት። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2016) 418 አባወራዎች፣ በጠቅላላው 2,508 ነፍስ፣ ከነበሩበት ተነስተው ደባርቅ ከተማ ዳርቻ ሰፍረዋል። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል። "አገራችሁ የት ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ "ደባርቅ" ይላል፤ እውነቱንም ነው። አያቱ ግን ሌላ መልስ አለው። በእነዚህ ሁለት መልሶች መካከል ያለው ታሪክ ካልተጻፈ በአንድ ትውልድ ውስጥ ይጠፋል። እኛም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚህ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች ዓ.ም. ካላልን በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪ ግጭ የት ነበረች?

ከጎንደር ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ዳባት ይገኛል፤ 100 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ደባርቅ። እስከዚህ ድረስ ያለው የወገራ ሜዳ ነው፤ ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት ሰፊ ደጋ። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ መንገዱ ወደ ተራራው ይወጣል። ሳንቃበርን አልፎ የጅንባር ወንዝ ወደ ጥልቁ ገደል ከሚወረወርበት ፏፏቴ ማዶ ያለው አምባ ግጭ ነው። ከመንደሩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትንሽ ቢሄዱ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው እሜት ጎጎ ይደረሳል። ከዚያ ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ቆላውን፣ ገደሉንና በየመሃሉ እንደ ምሰሶ የቆሙትን ተራሮች ያያል። ብዙ ጊዜ ደመናው ከእግር በታች ነው።

የሰሜንን ተራሮች በፎቶ ያየ ሁሉ ይህን አምባ አይቶታል ማለት ይቻላል። ጓሳው፣ እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ የቆመው ጅብራ፣ በመቶዎች ሆኖ ሣር የሚነጨው ጭላዳ ዝንጀሮ በብዛት የሚነሱት እዚህ አካባቢ ነው። በፎቶው ጠርዝ ላይ የሚታዩት ክብ የሣር ቤቶች የእነማን እንደነበሩ ግን ስንቱ ጠይቋል? የነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ከአገሪቱ ከፍተኛ መንደሮች አንዷ በሆነችው በዚህች ቦታ ላይ የሱብሒ አዛን ይሰማ ነበር።

▪ እስልምና ወደ ሰሜን በየት በኩል መጣ?

ዛሬ ደባርቅን የምናውቃት የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫና የቱሪስት መነሻ አድርገን ነው። ከመኪና ዘመን በፊት ግን ደባርቅና ዳባት የትልቅ የንግድ መንገድ ማረፊያዎች ነበሩ። መንገዱ ከጎንደር ተነስቶ በወገራ ደጋ ያልፋል፤ ከደባርቅ በኋላ የሊማሊሞን ገደል ይወርዳል፤ በዛሪማና በአዲ አርቃይ አድርጎ ተከዜን ይሻገራል፤ ከዚያ በአድዋ በኩል ምጽዋ ይደርሳል። ጣሊያን ወረራውን ካካሄደ በኋላ ሊማሊሞን ቆፍሮ የመኪና መንገድ ያወጣበት የዚሁ የጥንቱ የሲራራ ነጋዴ መተላለፊያ ነው።

በዚህ መንገድ ወደ ላይ አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ ይመጣል፤ ወደ ታች ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይወርዳል። በታሪክ ልንሸሽገው የማይገባንም አለ፤ ባሪያዎችም በዚሁ መንገድ ተነድተዋል። የሲራራው አብዛኛው ነጋዴ ሙስሊም፣ በተለይም ጀበርቲ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ወርዶ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ በ1770 ጎንደር የገባው በዚሁ መስመር ነው። ጉዞውን ካቀኑለት ሰዎች አንዱ ሙሐመድ ጀበርቲ የተባለ ሙስሊም ነበር። አንድ የውጭ አገር ሰው ያለ ሙስሊም ነጋዴዎች ትውውቅ ይህን መንገድ ማለፍ የሚቸግረው ዘመን ነበርና።

ነጋዴ ባለበት ማረፊያ አለ፤ ማረፊያ ባለበት መስገጃ አለ፤ መስገጃ ባለበት ደግሞ ልጆች የሚቀሩበት ቦታ ይኖራል። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል እስልምና የተስፋፋበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ሌላው የመሻይኾች ጉዞ ነው፤ ኪታቡን ታቅፎ ከወሎ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ትግራይ ለቂርአት የሚዞረው ደረሳ ያረፈበትን አገር ሁሉ አስተምሮ ያልፍ ነበር። ሦስተኛው ስደት ነው። የደጋው ሙስሊም ዘመን ሲከብድበት ወደማይደረስበት ቦታ ይሸሽ ነበር።

ዘመኑ የከበደበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ የጎንደር ሙስሊሞች በቃሃ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ሰፈር የተለዩት ከዚያ በኋላ ነው። በ1878 ደግሞ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሙ እምነቱን እንዲቀይር አዘዙ። ያንን ተከትሎ ስንቱ አገሩን ጥሎ እንደተሰደደ፣ እንደ ሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ያሉትም እንዴት እንደተቃወሙ በዚህ ገጽ ከዚህ በፊት አንብባችኋል።

▪ "አገር የለውም" ለተባለው አገር

በድሮው ሥርዓት የደጋው ሙስሊም ዋነኛ ችግር መሬት ነበር። በክርስቲያኑ ደጋ ርስት የሚወረሰው በትውልድ ሐረግ ነው፤ ሙስሊሙ በአብዛኛው ከዚያ ውጭ ተደርጓል። ነጋዴና ሸማኔ የሆነው ንግድንና ሽመናን ስለመረጠ ብቻ አልነበረም፤ የሚያርሰው መሬት ስላልነበረው ጭምር ነው። "ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው" የተባለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው። አባቶቻችን ይህን አባባል በጆሯቸው እየሰሙ ኖረዋል።

ታዲያ ግጭን ልዩ የሚያደርጋት ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች አርሰው በሉ። ማንም በማይመኘው ከፍታ፣ ገብስ ሊበቅል በሚችልበት የመጨረሻው ወሰን ላይ፣ ድንጋይ ለቅመው ማሳ አበጁ። ስዊዘርላንዳዊው የመሬት ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰሜን ተራሮች የአፈር መሸርሸርን ያጠና ነው። በተራራው ተዳፋት ላይ ለረጅም ዘመን የታረሰው መሬት ምን ያህል አፈሩ እንደታጠበ ያሳየው የእሱ ጥናት ነው። ለፓርክ ሰው ይህ የጉዳት ማስረጃ ነው፤ ትክክልም ነው። ለታሪክ ጸሐፊ ግን የታጠበ አፈር ሌላም ነገር ይናገራል፦ እዚህ ቦታ ላይ ሰው ከትውልድ ትውልድ ሲያርስ ኖሯል ማለት ነው። ወረቀት ያልጻፈውን መሬቱ ጽፎታል።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ "መሬት ለአራሹ"ን ሕግ አደረገ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ አዲስ አበባ ላይ ለእኩልነት ሰልፍ ወጥቶ ነበር። ኢድ፣ ዐረፋና መውሊድም ብሔራዊ በዓል ሆነው የታወቁት ያኔ ነው። ስለዚህ በዘውዱ ዘመን "አገር የለህም" የተባለው ሙስሊም ገበሬ በሕግ ፊት የሚያርሰው መሬት ባለ ይዞታ ሆነ። የሚያሳዝነው፣ የግጭ ሰዎች መሬት ገና ባለቤት እንዳገኘ ሰሞን ሌላ ስም ተሰጥቶት ነበር፤ የብሔራዊ ፓርክ መሬት ተብሏል።

▪ ኑሮ በተራራው ላይ

ወደ ፓርኩ ከመሄዳችን በፊት ስለ ኑሮው ጥቂት እንበል። በዚያ ከፍታ ጤፍ አይታሰብም፤ በቆሎም ማሽላም አይበቅልም። ሕይወት ማለት ገብስ ነው። ቂጣውም፣ እንጀራውም፣ ቆሎውም፣ በሶውም ከገብስ ነው። ጎረቤት ክርስቲያኑ ከገብሱ ጠላ ሲጠምቅ ሙስሊሙ ቀሪቦ ያዘጋጃል፤ አንድ እህል ሁለት ቤት ውስጥ ሁለት መጠጥ ይሆናል።

ቀሪው ኑሮ በከብቱ ላይ ነው፤ በግ፣ ፍየል፣ ላም፣ ፈረስና በቅሎ። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ እንስሳው ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራል። ማገዶ ኩበትና አስታ ነው። ውርጭ በሚወርድበት ወር ለሱብሒ ዉዱእ የሚያደርግ ሰው ውሃው ላይ የረጋውን በረዶ መስበር ይኖርበታል። ለሰላት መነሳት ሲከብደን ይህን እናስታውስ።

ቱሪዝም ሲመጣ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ ተጨመረ። ከሳንቃበር ተነስቶ በግጭ አድርጎ ወደ ጨነቅ የሚሄደው የእግር መንገድ የሰሜን ተራሮች ዋናው የጉብኝት መስመር ነው። ጭነት የሚጭን በቅሎ የሚያከራየው፣ በቅሎውን የሚነዳው፣ በየቤቱ ለእንግዳ ቡና የሚያፈላው የአካባቢው ሰው ነበር። ብዙ የውጭ አገር ሰው የኢትዮጵያ ሙስሊም ቤት ገብቶ ቡና የጠጣው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ተራራ ላይ ነው ብንል አናጋንንም።

ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋርም በገበያም፣ በለቅሶም፣ በሠርግም ተገናኝተው ኖረዋል። በጎንደር አገር ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊሙ በሙስሊም እጅ ለብቻ ማረድ፣ ሙስሊም ሲደግስም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ማድረግ የቆየ ወግ ነው። ይህን የምንጠቅሰው በቅርብ ዓመታት በአገራችን የደረሰው መከራ የድሮውን ጉርብትና እንዳያስረሳን ነው።

▪ ፓርኩ መጣ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1969 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ሲጀመር 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ በኋላ ሰፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደርሷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዋሊያ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር የትም የለም። ቀይ ቀበሮም የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርሶችን መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት በመላው ዓለም 12 ቦታዎች ብቻ ነበር የጻፈው። ከ12ቱ ሁለቱ የኛ ነበሩ፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች።

ሆኖም ፓርኩ ሲከለል ውስጡ ሰው ነበር። መንደር፣ ማሳ፣ መስጂድ፣ ቤተ ክርስቲያንና መቃብር ነበር። የዚያን ጊዜው የፓርክ አስተሳሰብ የመጣው ከውጭ ነው፤ መነሻው በ1872 የተቋቋመው የአሜሪካው የሎውስቶን ነው። በዚያ አስተሳሰብ ንጹሕ ተፈጥሮ ማለት ሰው የሌለበት ተፈጥሮ ነው። የሎውስቶን ራሱ "ሰው የሌለበት" የሆነው ነባሮቹ ሕዝቦች እንዲወጡ ተደርገው ነው። በታንዛኒያ ማሳይዎች ከሴሬንጌቲ በ1959 ወጡ። በአገራችንም የአዋሽ ፓርክ ሲከለል አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑት የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬታቸውንና የወንዝ መውረጃቸውን አጥተዋል። ስለዚህ በግጭ የደረሰው በሙስሊምነታቸው የመጣባቸው ነገር ነው ብለን አንጽፍም። ጉዳዩ ከዚያ የሰፋ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም በዚሁ ሰበብ ተነስተዋል፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ደርግ ከገደሉ በታች ያሉ መንደሮችን በኃይል አስነስቶ ነበር።

በ1980ዎቹ ጦርነቱ ተራራውን ያዘው፤ ፓርኩም ለዓመታት ያለ ጠባቂ ቀረ። በ1996 ዩኔስኮ የሰሜን ተራሮችን "በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች" በሚባለው መዝገብ ውስጥ ጻፈው። ዋሊያ ቀንሷል፣ እርሻና ግጦሽ በዝቷል፣ በፓርኩ ውስጥ መንገድ ተቆርጧል የሚል ነበር ምክንያቱ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተቀመጡት እርምጃዎች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የሚኖረውን ሰውና ከብት መቀነስ ሆነ። ይህ ሲባል በአምባው መሃል የተቀመጠችው ትልቋ መንደር ግጭ ነበረች።

▪ 2008 ዓ.ም.

ድርድሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ካሳ ተከፈለ፣ ደባርቅ ዳርቻ የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጠ፣ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ 418ቱም አባወራ ወርዶ ነበር። መንግሥት ለዩኔስኮ ባቀረበው ሪፖርት ሰዎቹ በፈቃዳቸው እንደተነሱ ገለጸ። በዓመቱ፣ በ2017 ሐምሌ ወር፣ በፖላንድ ክራኮው ከተማ የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የሰሜን ተራሮችን ከአደጋ መዝገብ አወጣ። ለአገሪቱ የምሥራች ነበር፤ ቴሌቪዥኑም እንደዚያው ዘገበው።

ሌላ አመለካከትም አለ። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ የግጭን ሰዎች መነሳት ማፈናቀል ይለዋል። የመጽሐፉ ዋና ክርክር ቅኝ ገዢዎች ከሄዱ በኋላም ስለ አፍሪካ ተፈጥሮ የነበራቸው አስተሳሰብ በፓርኮች በኩል ቀጥሏል የሚል ነው። አውሮፓ ውስጥ በተራራ ላይ የሚያርስና የሚያረባ ገበሬ ቅርስ ተብሎ ሲጠበቅ፣ አፍሪካ ውስጥ ያው ገበሬ ለምን የተፈጥሮ ጠላት ይባላል? ብሎ ይጠይቃል።

ሁለቱንም ወገን ማዳመጥ ተገቢ ነው። ዋሊያ የአላህ ፍጥረት ነው፤ ጠፍቶ ከቀረ አይመለስም። የተራራው አፈር እየታጠበ መሆኑም እውነት ነው። በዚያ ላይ መንደር ውስጥ ክሊኒክ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና መብራት የሚፈልግ ወጣት ነበር፤ ከተማ መውረዱን የፈለገም አለ። በሌላ በኩል ግን ገበሬ ካሳ ሲቀበል ገንዘቡ ያልቃል፤ መሬት ግን አያልቅም ነበር። ሃምሳ በግ የነበረው ሰው በከተማ ጠባብ ግቢ ውስጥ በግ ማርባት አይችልም። ማረስ ብቻ የሚያውቅ አባት ከተማ ሲገባ የቀን ሠራተኛ ነው የሚሆነው። የቅርስ ኮሚቴው ራሱ የተነሱት ሰዎች ኑሮ እንዲደገፍ በውሳኔዎቹ ማሳሰቡ ጉዳዩ በካሳ ብቻ እንዳላለቀ ያሳያል።

ደግሞስ ሰው ስለተነሳ ብቻ ተራራው ተጠበቀ? በ2019 የጸደይ ወራት በፓርኩ ከባድ እሳት ተነስቶ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ከእነሱ በፊትም ከእነሱ ጋርም ቅጠል እየቆረጠ እሳቱን ሲደበድብ የነበረው ግን የአካባቢው ገበሬና የደባርቅ ወጣት ነው። ከ2020 ወዲህ በተከተለው ጦርነትና አለመረጋጋት ደግሞ የዋሊያ ቁጥር በእጅጉ አሽቆልቁሏል። ዋሊያን የሚጠብቀው ሰላምና የሚቆረቆርለት ጎረቤት ነው፤ መንደር ማንሳት ብቻውን አልበቃም።

▪ ሒማ፦ የኛ የጥበቃ ሕግ

እዚህ ላይ ወጣቶቻችን ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። "መሬትን ከልሎ መጠበቅ" ከምዕራቡ የመጣ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በኢስላም ሒማ ይባላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አን-ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከልለዋል። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ አር-ረበዛን ከልለው ሁነይ የተባለ ሰው ጠባቂ አድርገው ሾሙበት።

ቡኻሪ እንደዘገቡት ዑመር ለዚህ ጠባቂ የሰጡት መመሪያ ዛሬ ለየትኛውም ፓርክ የሚበቃ ነው። ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ በሰው ላይ ክንፍህን ዝቅ አድርግ፤ የተበዳይን ዱዓ ፍራ፤ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ ወደ ውስጥ አስገባ፤ የባለጸጎቹን የኢብን ዐውፍንና የኢብን ዐፋንን መንጋ ግን ከልክል። ለምን? ሀብታሞቹ ከብታቸው ቢያልቅ የሚመለሱበት ተምርና እርሻ አላቸው፤ ድሃው ግን ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ ወደ መሪው ደጅ ይመጣል። ያን ጊዜ ከግምጃ ቤቱ ወርቅና ብር ከማውጣት ውሃና ሣር መስጠት ይቀላል። ዑመር በዚህ አላበቁም፤ አገሪቱ የሰዎቹ መሆኗን፣ በጃሂሊያ የተዋጉላት፣ በኢስላምም የጸኑባት መሆኗን መሰከሩ። ለጂሃድ የሚሆነው እንስሳ ባይኖር አንዲት ስንዝር እንደማይከለክሏቸውም ማሉ።

ልብ በሉ! ኸሊፋው ክልሉን አልሻሩትም። ጥበቃው እንዳለ ነው። ግን ከክልሉ በፊት ድሃውን አዩ፣ መሬቱም የማን እንደነበር አልካዱም። ተፈጥሮን መጠበቅና ሰውን ማክበር አብረው እንደሚሄዱ ከ1,300 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በተግባር ታይቷል።

▪ ታዲያ ምን እናድርግ?

ግጭ አትመለስም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ሰዎቹ ተመልሰው ይውጡ ለማለት አይደለም። ነገር ግን መንደር ሲነሳ አብሮ የሚጠፋው ቤቱ ብቻ አይደለም። የሚጠፋው ስም ነው። የእያንዳንዱ ማሳ ስም፣ የእያንዳንዱ ምንጭ ስም፣ ልጆች የቀሩበት ቤት፣ አዛን ያደርግ የነበረው ሰው፣ ቀብር ላይ ያረፉት አባቶች የዘር ሐረግ። ዩኔስኮ የተራራውን ወፍና ሣር መዝግቧል፤ ጥሩ አድርጓል። የሰዎቹን ታሪክ መመዝገብ ግን የኛ ፋንታ ነው።

ደባርቅ፣ ዳባትና ጎንደር ያላችሁ ወጣቶች ይህን ማድረግ ትችላላችሁ፦

1. ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃ አለ። ከግጭ የወረዱ አባትና እናት ዘንድ ሂዱ፤ ከፈቀዱላችሁ ቅረጹ። "መጀመሪያ ማን ሰፈረ? ከየት መጣ? መጀመሪያ ያስቀራችሁ ሸኽ ማን ናቸው?" ብላችሁ ጠይቁ። የመንደሯ አመጣጥ መልስ ያለው በእነዚህ ሰዎች ልብ ውስጥ ነው።

2. በየቤቱ ያለ አሮጌ ኪታብ፣ የእጅ ጽሑፍ፣ የኒካሕ ወረቀት ወይም ፎቶ ካለ ባለቤቱ ጋር እንዳለ ፎቶ አንሡት። አትውሰዱት፤ አትሽጡት፤ ለቱሪስትም አሳልፋችሁ አትስጡ። በዚህ መንገድ ስንት የአገራችን ኪታብ እንደወጣ ታውቃላችሁ።

3. የቦታ ስሞችን ሰብስቡ። የማሳው፣ የመንገዱ፣ የድንጋዩ፣ የምንጩ ስም ሁሉ ታሪክ አለው። ሽማግሌው ሲሞት ስሙ አብሮ ይቀበራል።

4. እናቶችን አትርሱ። የገብሱ አዘገጃጀት፣ የመውሊድና የኢድ ድግስ፣ የሕፃን አወጣጥ፣ የብርድ ዘመን መድኃኒት በእነሱ ዘንድ ነው። ብዙ ጊዜ ታሪክ ስንል ወንዶችን ብቻ ጠይቀን እንመለሳለን።

5. አስጎብኚ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንግዳ ይዛችሁ በዚያ አምባ ስታልፉ "እዚህ መንደር ነበረ፤ ሙስሊም ገበሬዎች ይኖሩበት ነበር" በሉ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ግን ባዶ የመሰለውን ሜዳ ባለ ታሪክ ታደርገዋለች።

6. ደባርቅ ያለው ጀማዓ ደግሞ እነዚህን ቤተሰቦች "ተፈናቃይ" እያለ ለዘለዓለም እንግዳ አያድርጋቸው። ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ አንሷሮች ምን እንዳደረጉ ሁላችንም ቀርተነዋል። ሥራ መፍጠር፣ ልጆቻቸውን በመድረሳ ማቀፍ፣ በገበያ ቦታ መስጠት ከማንም በፊት የጎረቤት ግዴታ ነው።

ውድ አንባቢዎች! "እስላም አገር የለው" የተባለበት ዘመን አልፏል። ያንን አባባል ያፈረሱት በአደባባይ የተሰለፉት ብቻ አይደሉም። በእሜት ጎጎ ጥግ፣ በውርጭ ውስጥ፣ ሞፈራቸውን ይዘው ዝም ብለው ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎችም አፍርሰውታል። አገር የሚሆነው በላብ ነው፤ እነሱ ላባቸውን እዚያ ተራራ ላይ አፍስሰዋል። ልጆቻቸው ይህን አውቀው ቢያድጉ ከተማ ዳርቻ ላይ የተጣለ ሰው ልጅ ነኝ አይሉም፤ አገር ያቀና ሰው ልጅ ነኝ ይላሉ።

አላህ በዚያ አምባ ላይ ያረፉትን አባቶችና እናቶች ይማር፤ ቀብራቸውን ያስፋ። የወረዱትን ሪዝቃቸውን ያስፋ፤ ልጆቻቸውን ሷሊሕ ያድርግ። ለአገራችን፣ ለሰሜን ጎንደር ሕዝብ ሁሉ፣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ሰላም ያውርድ። ኣሚን።

ከግጭ ወይም በዙሪያዋ ካሉ መንደሮች የሆናችሁ የምታውቁትን ጻፉልን፤ ያልሰማ እንዲሰማ ለሌሎችም አድርሱ። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።